ወዴት እንደምሄድ የመረጥንበት ዓርብ

በዚያ ዓርብ ጠዋት በቤታችን የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንድ በአንድ ልጥቀሳቸው። እናቴ ወይዘሮ ፈንታነሽ በመስኮቱ በኩል ባለው የሶፋ ጫፍ ላይ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ። የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ መለሰ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ፣ ከዘራቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል አቁመው። የእሳቸው ልጅ ኦርሊ፣ የአውሮፕላን ቲኬት በሚሸጥ ቢሮ የምትሠራው፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቿን ዘርግታ። ጓደኛዬ ዳኒ፣ እናቱ ዳኛቸው የምትለው፣ ውትድርናን አብሮኝ የጨረሰው፣ ምንጣፉ ላይ እግሩን ዘርግቶ። አምስተኛው እኔ አስማማው ነኝ። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ከዚያ ወዲህ «እኔም ነበርኩ» የሚሉ ሁለት ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው፤ አልነበሩም።

ጊዜው የፈረንጆቹ ሁለት ሺዎች አጋማሽ ነው። ቤታችን ርሖቮት ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ቂርያት ቫይዝማን በሚባለው የቢሮዎች ሠፈር ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ በር ላይ የጥበቃ ሠራተኛ ነበርኩ። የሚገባውን ሰው ቦርሳ ከፍቼ አያለሁ፤ ሰው በማይገባበት ሰዓት አነባለሁ። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። ያስተማሩኝ አንድ የተቀደደ መዝገበ ቃላትና የሕንፃው ሠራተኞች አንብበው የሚጥሏቸው የጉዞ መጻሕፍት ናቸው።

እዚህ አገር ውትድርናውን የጨረሰ ወጣት ሻንጣውን በጀርባው አዝሎ ሩቅ አገር ይሄዳል። ሕንድ፣ ታይላንድ፣ ፔሩ። የእኛ ልጆች ግን ያኔ ብዙዎቹ አይሄዱም ነበር፤ የደንብ ልብሱን ዛሬ መልሰው ነገ ሥራ ይገባሉ። እኔም በነጋታው ሥራ የገባሁ ነኝ። ግን በልቤ አንድ ጊዜ፣ ለሥራ ሳይሆን፣ ለስደትም ሳይሆን፣ ለማየት ብቻ ሩቅ አገር እሄዳለሁ ብዬ ነበር። ለዚህም ደብተር ገዛሁ። ለእያንዳንዱ አገር አንድ ገጽ ሰጠሁት፤ በረራው ስንት ሰዓት ነው፣ ቪዛ ያስፈልጋል ወይ፣ ክትባቱ ምንድን ነው፣ ዝናቡ በየትኞቹ ወራት ይመጣል። በአሥራ አራት ወር አሥራ አንድ አገር ሞላሁ። ሳላጣራ መምረጥ አልወድም።

ኢትዮጵያ በደብተሩ አልነበረችም። ምክንያቱን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ ኢትዮጵያ ለእኔ መዝናኛ አልነበረችም፣ እህቴ ነበረች። ከእናቴ ጋር ስንመጣ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። እህቴ እታገኝ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ የባሏ የመግቢያ ፈቃድ ጉዳይ ስላላለቀ እሷም ጎንደር ቀረች። በልጅነቴ ራሴን ያጠበችኝ፣ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። «ከስድስት ወር በኋላ እመጣለሁ» ብላኝ ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት ሆነ። ጎንደር የትም አይሄድም እያልኩ የፔሩን ተራሮች ከፍታ እጽፋለሁ።

ከዚያ እናቴ ዓይኗን ታመመችና ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከሆስፒታል ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ «ይኼ ዓይን ሲድን መጀመሪያ የማየው የእታገኝን ፎቶ ነው» አለች። ያን ዕለት ማታ ደብተሩን ከፍቼ አሥራ ሁለተኛውን አገር ጻፍኩ።

ከሥራ የሦስት ሳምንት ፈቃድ አገኘሁ። ኦርሊ ቲኬቱን ልትቆርጥልኝ ተስማማች። ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ እዚህ ዐሥር በሚሉት፣ የተሰበሰብነው ለዚህ ነው። ዳኒ የመጣው አብሮኝ ስለሚጓዝ ነው፤ አያ መለሰ ደግሞ በየዓርቡ ሰንበት ሳይገባ እህታቸውን ሳያዩ አይውሉም።

ዳኒ ታይላንድን ፈልጓል። ባሕር፣ ሞተር ሳይክል፣ የተጠበሰ አንበጣ። እኔ «ጎንደር» ስል ፊቱን አጨማደደ።

«አሂ፣ ወንድሜ፣ አራት ሰዓት በረራ ጉዞ ይባላል?» አለኝ። «በአውቶቡስ ኤይላት ብትሄድ ከዚያ ይረዝማል።»

ደብተሬን ከፈትኩ። ከአዲስ አበባ ጎንደር አውቶቡሱ መንገድ ላይ አሳድሮ ሁለት ቀን እንደሚፈጅ፣ ሁሉም ሲደመር ከታይላንድ እንደሚረዝም አነበብኩለት። እናቴ ሳቀች። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም።

«ልጄ ወደ እህቱ ይሂድ» አለች። «ታይላንድ ማን አለው?»

አያ መለሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኚህ ሰው ባለፈው ዓመት የጎረቤታችን ልጅ ሕንድ ሲሄድ፣ ዘመድ በሌለበት አገር የሚጠፋ ሰው ምን ቢጎድለው ነው እያሉ በምኩራቡ ደጃፍ ሲያላግጡበት የሰነበቱ ናቸው። አሁን ከዘራቸውን እያዩ፣ «ታይላንድም ጥሩ አገር ነው አሉ» አሉ።

እናቴ መነጽሯን ወደ እሳቸው አዞረች። «አያ መለሰ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?»

ልጅ ነው፣ ዓለሙን ይይ አሉ። ጎንደር ዝናብ ነው አሉ። ዝናቡ በመስከረም እንደሚያበቃ፣ እኔ የምሄደው ከአዲስ ዓመት በዓላት በኋላ እንደሆነ ነገርኳቸው። መንገዱ ክፉ ነው አሉ። የትኛው መንገድ እንደተሠራ፣ የትኛው እንዳልተሠራ ነገርኳቸው። ወባ አለ አሉ። የክኒኑን ስም ነገርኳቸው። ለእያንዳንዱ ምክንያታቸው በደብተሬ መልስ ነበረኝ፤ በየመልሱም ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ይኼ ደስታዬ ነው። አንድ ሽማግሌ የመጨረሻውን በር በእጃቸው ገፍተው ሲዘጉ፣ እኔ በጎበዝ ተማሪ ወግ እከፍተዋለሁ።

ዳኒ ቀልዱን ከተወ ቆይቷል። ድንገት «ቤሰደር፣ እሺ፣ ታይላንድ ይቅር፣ ፔሩ እንሂድ» አለ። ዳኒ ፔሩን በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

ወደ ኦርሊ ዞርኩና ጎንደር ብለሽ ጻፊ አልኳት። እስክሪብቶዋን አነሳች፣ አስቀመጠች። ቢሮው ዛሬ ዝግ ነው አለችኝ። ዓርብ እስከ ሰባት ሰዓት ክፍት እንደሆነ አውቃለሁ፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን ሰዓት አንብቤዋለሁ። ይህንኑ ነገርኳት። አንገቷን ደፋች።

በዚህ ጊዜ አያ መለሰ እንዲህ አሉ፦

«እሺ ጎንደርም ይሁን። ግን እስከ ሐሙስ አትቁረጥ። ሐሙስ ስድስት ሳምንቷ ይሞላል።»

ስድስት ሳምንት የእናቴ ዓይን ነው። የዓይን ጠብታውን በቀን አራት ጊዜ የምጨምርላት እኔ ስለሆንኩ ቀኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የእኔ ቲኬትና የእናቴ ዓይን ምን አገናኛቸው ብዬ ሳስብ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

እናቴን ለምርመራ ስወስዳት አያ መለሰም አብረውን ነበሩ። ዶክተሩን በዕብራይስጥ የማናግረው እኔ ነኝ። ልንወጣ ስንል አያ መለሰ እጄን ያዙና፣ እናቴ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማልቀስ የምትችለው መቼ ነው ብለህ ጠይቅልኝ» አሉኝ። የሽማግሌ ጥያቄ ነው ብዬ እንዳለ ተረጎምኩት። ዶክተሩ ፈገግ አለ። እንባው አይጎዳትም፣ ግን ለስድስት ሳምንት ዓይኗን በእጇ እንዳታሽ አለ። አያ መለሰ መልሱን ሲሰሙ «ዓይኗን ሳትነካ የምታለቅስ እናት አለች?» ብለው በጣታቸው ሳምንቶቹን ቆጠሩ። እኔ ያን ጊዜ የመድኃኒቱን ወረቀት እያነበብኩ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ የእኛን ሰው ልማድ የምታውቁ ገና ድሮ ገብቷችኋል። ለማታውቁት ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድም አይነገርም። መርዶ ይባላል። ሽማግሌዎች ተመካክረው፣ ቀን መርጠው፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ሄደው ያረዳሉ። የታመመ ሰው እስኪድን ይጠበቃል። በዓል እስኪያልፍ ይጠበቃል። ሠርግ ካለ ሠርጉ እስኪያልቅ ይጠበቃል። እስከዚያ የሚያውቀው ሁሉ አፉን ይዘጋል፤ መዝጋቱም ደግነት ነው።

ከፔሳህ፣ ከአይሁድ ፋሲካ፣ ወዲህ ጎንደር ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ስልኩ የአንዲት የእታገኝ ጎረቤት ነው። ሦስቱንም ጊዜ ጎረቤቷ፣ እታገኝ ወደ ባሏ አገር ገጠር ሄዳለች፣ እዚያ ስልክ የለም ብላኛለች። የደወልኩበትን ቀን ሁሉ ጽፌያለሁ። አንዲት ሴት ሦስት ወር ሙሉ ገጠር ምን ትሠራለች ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

ተነስቼ ውኃ ላመጣ ነው ብዬ ወጣሁ፣ ማእድ ቤት አልገባሁም፤ በሩን ከፍቼ ደረጃው ላይ ቆምኩ። አያ መለሰ ተከትለውኝ ወጡ። በሩን ከኋላቸው ገጠም አደረጉት።

«አያ፣ እታገኝ የት ናት?»

ከታች የሰንበት ዕቃ የገዙ ሴቶች እየተጠራሩ ይወጣሉ።

«ሰንበት ሊገባ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

የሞት ወሬ በሰንበት አይነገርም፤ መልሱ ይኼ ነበር። ሌላ አልጠየቅሁም፤ እሳቸው ግን ቆመው የቀረውን ነገሩኝ። ከፔሳህ በፊት ነው። ሦስት ቀን ብቻ ታመመች። ቀብረዋታል። ሊያረዱን ሲሰናዱ በዓሉ ገባ፤ በዓሉ ሲወጣ የኦርሊ ሠርግ ደረሰ፤ ሠርጉ ሲያልቅ የእናቴ ቀዶ ሕክምና። ማን ማን ያውቃል አልኳቸው። «ሁሉም» አሉ። ዳኒም ከእናቱ ሰምቷል። ኦርሊ በገዛ ሠርጓ ስትጨፍር እያወቀች ነው። በየቀኑ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ የምኩራቡ ሰዎች፣ በሠፈሩ የሚያውቁን ሁሉ ሰላም ሲሉኝ እያወቁ ነው። የማናውቀው እናትና ልጅ ብቻ ነን።

«ሐሙስን አስበን ነበር» አሉኝ። «አንተ ካወቅህ ግን ከቤት አይደበቅም፤ ፊትህ ይናገራል። እሁድ ጎህ ሲቀድ እንመጣለን። እስከዚያ ወንድ ሁን።»

ተመልሰን ገባን። እናቴ «ውኃው የታለ?» አለችኝ። ቧንቧው ተዘግቷል አልኳት። ያ የመጀመሪያው ውሸቴ ነው። ዳኒ ጫማውን አድርጎ፣ ትከሻዬን ነክቶ ወጣ፤ ኦርሊ ወረቀቶቿን ሰበሰበች። እናቴ ኦርሊን ጎንደር ተብሎ ተጻፈ ወይ ብላ ጠየቀቻት። «ተጽፏል፣ ዶዳ» አለቻት ኦርሊ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። ከዚያ አባትና ልጅ ተያይዘው ወጡ፣ እኔና እናቴ ቀረን።

ከዓርብ ቀትር እስከ እሁድ ጎህ አርባ ሰዓት ገደማ ነው።

ሰንበት ሳይገባ እናቴ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ አስወረደችኝ። ለእታገኝ ከዓመታት ጀምሮ ያጠራቀመችው ነበረ። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ ለክረምት የሚሆን ጫማ፣ የሕፃናት ልብስ እንኳ ሳይቀር፤ ትወልድ ይሆናል ብላ። ማጎንበስ ስለተከለከለች እሷ ትናገራለች፣ እኔ አጥፌ አስገባለሁ። ቀሚሱን ይጠባት ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። አይጠባትም አልኳት። ጫማውን ከላይ አድርገው፣ መጀመሪያ እሱን ትሞክረው አለችኝ። ከላይ አደረግሁት።

ቅዳሜ ከምኩራብ ስንመለስ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች፤ የቀትሩን ጠብታ ልጨምርላት ቀረብኩ። ለዚህ ሥራ ፊቴን ወደ ፊቷ ማስጠጋት አለብኝ፤ ያልታመመው ዓይኗ በደንብ ያያል። ዓይኖቼን ከዚያ ዓይን ሳሸሽ አንዱ ጠብታ ጉንጯ ላይ ወረደ።

«ምነው? ፈራህ እንዴ መንገዱን?» አለችኝ።

«ትንሽ» አልኳት።

«እሷ እኮ ትቀበልሃለች። አውቶቡስ ተራው ድረስ ትመጣለች። ብቻ አድገሃልና ላታውቅህ ትችላለች፤ አንተ ቅደምና ጥራት።»

እንዴት እንደምጠራት፣ ስንመጣ ያለቀሰችበትን ቦታ እንድታሳየኝ እንድጠይቃት፣ ባሏን እንዳልቆጣው፣ ሁሉንም አስጠናችኝ። በየመሐሉ «እሺ» እላለሁ። በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል «እሺ» ያልኩበት ቀን የለም።

እሁድ ገና ሰማዩ ሳይቀላ ተነስቼ ልብሴን ለብሼ ተቀመጥኩ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ ሲያልፍ፣ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ተሰማ። ማንም አይናገርም፤ እግር ብቻ። እናቴ ነቅታ ኖሮ በሩን ከእኔ ቀድማ ከፈተችው።

ከፊት አያ መለሰ ናቸው። ከኋላቸው ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች፣ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ። እናቴ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ያለ መነጽር ነበረች። አንድ በአንድ አየቻቸው። ለምን እንደመጡ ለመጠየቅ ጊዜ አላጠፋችም።

«ማን?» አለች።

አያ መለሰ ስሟን ጠሩ።

ጩኸቱን አልጽፈውም። የምጽፈው እጆቿን ነው። ገና ወደ ፊቷ ከማንሳቷ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዟቸው። ለዚህ ተመርጠው የመጡ ጠንካራ ሴቶች ነበሩ። ደረቷን ልትመታ ትታገላለች፣ አይለቋትም። ፊቷን ልትነጭ ትታገላለች፣ አይለቋትም። ሦስተኛዋ በንጹሕ ሻሽ እንባዋን ከጉንጯ ላይ ታነሳለች፣ ዓይኗን ሳትነካ። እናቴ የልጇን ለቅሶ ያለ እጅ አለቀሰች።

«ይኼን ዓይን ለምን አዳናችሁልኝ?» ትላለች። «ለዚህ ነው ያዳናችሁልኝ?»

ረፋዱ ላይ ድምፅዋ ሲያልቅ ሰው ወደ እኔም ዞሮ ያለቅስልኝ ጀመር። አንዲት አሮጊት «ምስኪን፣ ከዓርብ ጀምሮ ብቻውን ታቅፎት» አሉ። ሊያጽናኑኝ ነው። እናቴ ግን ሰማች።

«ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«ከዓርብ ጀምሮ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ፦

«ሻንጣውን ሳስሞላህ?»

የጠብታውን ጠርሙስ አንስቼ ቀረብኩ። ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ወዲያ ጠብታውን ከእኔ እጅ አልተቀበለችም። ኦርሊ ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ እየመጣች፣ ቀትር ላይ ደግሞ ጎረቤት እየተጠራች ጠብታው አለቀ። ዓይኑ ዳነ። ዶክተሩ በጣም ጥሩ ነው አለ። እናቴ በዚያ ዓይን የልጇን ፎቶ አንድም ቀን ስታይ አላየኋትም። ሻንጣው ለሌላ ተጓዥ ተሰጠ፤ ጫማውን ማን እንዳደረገው አላውቅም።

ፈቃዴን ለሥራ መለስኩ። ታይላንድ አልሄድኩም፣ ፔሩም አልሄድኩም፣ ጎንደርም እስከ ዛሬ አልሄድኩም። አንዳንድ ሰው ሄደህ መቃብሯን እይ ይለኛል። አንድ ሰዓት ልሰለፍ፣ አራት ሰዓት ልብረር፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ልሂድና አውቶቡስ ተራው ላይ ማንን ቀድሜ ልጥራ? ደብተሩን ከገዛሁ በኋላ እሷ በሕይወት በነበረችባቸው ዐሥር ወራት ደብተሬ በእጄ፣ ቪዛዬም የሚገኝ ነበር። በሞተችበት ሳምንት የሞላሁትን ገጽ ገልጬ አይቼዋለሁ፤ የሌላ አገር የዝናብ ወራት ነው የተጻፈበት። አያ መለሰ አራት ወር ደበቁኝ ብዬ ልከሳቸው ስነሳ፣ እኔ ዐሥራ አራት ዓመት ሳልጠይቅ መቆየቴ ይመጣብኛል።

ታዲያ ምን ተማርክ ትሉኝ ይሆናል። ተማርኩ ብዬ አስቤ ነበር። ለቅሶው ሲበተን አያ መለሰን፣ ኦርሊን፣ ዳኒን ሰብስቤ፣ ከእንግዲህ የሰማሁትን ሞት ያን ዕለት እናገራለሁ፣ እናንተም ንገሩኝ ብዬ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የዳኒ አያት ጎንደር ውስጥ ማረፋቸውን ከእሱ ቀድሜ ሰማሁ። ማክሰኞ ነበር፤ የዳኒ እናት ደግሞ ነፍሰ ጡር ናትና እስክትወልድ ይጠበቅ ተባለ። ያን ቀን ቢሉ ሴንተር ወደሚባለው የገበያ ማዕከል አብረን ሄደን ጫማ ገዛን። አያቱን ሊጠይቅ እንዳሰበ፣ ምናልባት በሚመጣው ዓመት እንደሚሄድ አወራኝ። እኔም ጥሩ ሐሳብ ነው አልኩት። ዐሥራ ሰባት ቀን ደበቅሁት። ልማዱን አልቻልኩትም፤ በአፌ ውስጥ ምላሴን የያዘ ሰው ያለ ይመስለኛል።

እናንተ ግን ሩቅ አገር ለመሄድ ስታማርጡ የምታውቁት ሽማግሌ ድንገት አገር አመስግኖ ሌላ ቦታ ሂድ ቢላችሁ፣ አትከራከሩ። ደብተራችሁን ዝጉና በቀጥታ ጠይቁት።

የጻፍኩት እኔ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው፤ የጎደለው ብዙ ነው። እሁድ ጎህ ሲቀድ ደረጃችን ላይ የቆማችሁ፣ እኔ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ያሉትን ብቻ ነው ያየሁት፤ ስንት ነበራችሁ? የእናቴን ግራ እጅ የያዘችው ማን ናት? ከሦስቱ ሴቶች ስሟን ያጣሁት የእሷን ብቻ ነው። ጎንደር ላይ በእነዚያ ሦስት ቀናት ከእታገኝ አልጋ አጠገብ የተቀመጣችሁ ደግሞ፣ አሁን የሚጠበቅ በዓል የለም፣ ሠርግም የለም፣ ዓይኑም ድኗል። ምን እንዳለች ጻፉልኝ። ስለ እኔ ጠይቃ እንደሆነና ምን ብላችሁ እንደመለሳችሁላት፣ እንዳለ ጻፉልኝ።